አስፓልት ያልደረሰበት መንገድ ምን ያበላል?

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በየወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት የሚቀርበው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ጎርፍ የወሰደው ጠጠር ይመለስልን፣ የተደፈነው ቱቦ ይከፈትልን፣ የተናደው ድልድይ ይጠገንልን የሚል ነው። ከዚያ ከፍ ሲል ደግሞ አስፓልት ይግባልን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ቀበሌዎችን ከወረዳ ከተማና ከዋና መንገድ ጋር ማገናኘት ከያዘ ወዲህ ማዳበሪያ ደጁ ሲራገፍ፣ እህሉ በመኪና ሲወጣ፣ ምጥ የያዛት እናት በአምቡላንስ ስትሄድ ያየ አርሶ አደር ወደ ሸክምና ወደ ቃሬዛ መመለስ አይፈልግም።

በዚያው የጠጠር መንገድ ላይ ግን ሌላ ስሌት የሚሠሩ አገሮች አሉ። የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና በመስከረም 2018 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በሩዋንዳዋ ኪጋሊ ሲካሄድ የብዙዎች ዓይን ያረፈው በአስፓልቱና በአሸናፊዎቹ ላይ ነበር። ለዚህ ገጽ አንባቢ የሚቀርበው ጉዳይ ግን ከውድድሩ ውጪ ያለው ነው። መኪና የማያስጨንቀው፣ ጸጥ ያለ የጠጠር መንገድ ይዞ በጥንታዊ መንደሮች መካከል ቀናት የሚጓዝ የብስክሌት ጎብኚ በየአገሩ እየበዛ ነው። ይህ ጎብኚ የሚፈልገው መንገድ በእኛ ገጠር በብዛት አለ። ጥያቄው መንገዱ ለማን ምን ያስገኛል የሚለው ነው።

ነገሩ ሥር ይዞ የቆየበትን አካባቢ ማየት ይጠቅማል። በመካከለኛው ኢጣሊያ፣ በቶስካና ግዛት ኪያንቲ የሚባል የወይንና የወይራ አገር አለ። ኮረብታዎቹን የሚያገናኙት መንገዶች ከተፈጨ ነጭ የኖራ ድንጋይ የተሠሩ ስለሆኑ "ነጭ መንገዶች" ይባላሉ። እነዚህ መንገዶች ለቱሪስት ተብለው አልተሠሩም፤ የእኩል አራሾች መንገድ ነበሩ። የቶስካና ገበሬ ለብዙ መቶ ዓመታት መሬቱ የጌታ፣ ጉልበቱ የራሱ ሆኖ ምርቱን ለሁለት ሲካፈል የኖረ ነው። በእኛም አገር ጭሰኝነት በ1967 ዓ.ም. እስኪቀር ድረስ እኩል አራሽና ሲሶ አራሽ ሲባል የነበረውን ያስታውሷል። በኢጣሊያ አዲስ የእኩል እርሻ ውል እንዳይፈረም በሕግ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ የቀረው ውል ደግሞ ወደ ኪራይ እንዲለወጥ የሚያስችል ሕግ በ1982 ወጣ።

ሕጉ ሲደርስ ግን ገበሬው ቀድሞ ሄዷል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የኪያንቲ ሰው ወደ ፋብሪካ ከተሞች ጎረፈ። የድንጋይ ቤቶች ባዶ ቀሩ፣ ማሳ ጦም አደረ። ነጮቹ መንገዶች አስፓልት ያልለበሱት ማንም ቅርስ ናቸው ስላላቸው ሳይሆን የሚመላለስባቸው ሰው ስላነሰ ነበር። በኋላ ቱሪስትና ሀብታም ከተሜ መምጣት ሲጀምር፣ ማዘጋጃ ቤቶችም ገንዘብ ሲያገኙ፣ አንዱ ከሌላው መንገድ እየተከተለ አስፓልት መልበስ ያዘ።

በዚህ ጊዜ ነው እ.ኤ.አ. በ1997 ጂያንካርሎ ብሮቺ የተባለ የአካባቢው ሰው ጋይዮሌ ከተባለች ትንሽ ከተማ የሚነሳ የብስክሌት ጉዞ ያዘጋጀው። ስሙ ሌሮይካ፣ "ጀግናዋ" እንደ ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት የተገኙት 92 ሰዎች ነበሩ። ዓላማው ነጮቹ መንገዶች አስፓልት ከመልበስ እንዲድኑ ሰው እንዲወዳቸው ማድረግ ነው። ተሳታፊው የድሮ ብስክሌት ይዞ፣ የሱፍ ማሊያ ለብሶ ይመጣል። በመንገድ ላይ የሚቀርብለት ምግብም የእሽግ ብስኩት አይደለም፤ የገበሬው የባቄላና የደረቀ ዳቦ ሾርባ፣ የአካባቢው ወይን ነው። ዛሬ ጉዞው በየዓመቱ በመስከረም መጨረሻ ገደማ ከብዙ አገሮች የሚመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይስባል። 209 ኪሎ ሜትር የሆነው መስመሩ ምልክት ተደርጎበት ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ደግሞ የዓለም ታላላቅ ጋላቢዎች በእነዚሁ ነጭ መንገዶች ተወዳድረው ሲዬና ከተማ አደባባይ ላይ ይጨርሳሉ።

ጸሐፊው ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኛ ዋናው ነው የሚለው ግን ብስክሌቱን አይደለም። ብስክሌቱ ከመምጣቱ 12 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ኢጣሊያ የእርሻ ቱሪዝም ሕግ አውጥታለች። ሕጉ እንግዳ ተቀባዩ ራሱ ገበሬ እንዲሆን ይጠይቃል። እርሻው ዋና፣ እንግዳው ተጨማሪ እንዲሆንም ያስገድዳል። ማሳውን ጥሎ ሆቴል የከፈተ ሰው በዚህ ሕግ ስም ሊጠቀም አይችልም። በ2006 በአዲስ ሕግ ሲተካም መሠረቱ አልተነካም። ስለዚህ ብስክሌተኛው ሲመጣ አልጋው፣ ወይኑና የወይራ ዘይቱ በገበሬው እጅ ጠበቀው። መንገዱ ብቻ ቢኖርና ሕጉ ባይኖር ኖሮ ትርፉ ወዴት ይሄድ እንደነበር ለመገመት አያስቸግርም። እንዲያም ሆኖ ሁሉም አልተሳካም። ባዶ ቀርተው የነበሩትን የድንጋይ ቤቶች የውጭ አገር ሀብታሞች በሰፊው ገዝተዋል፤ በአንዳንድ መንደሮች የአካባቢው ወጣት ቤት መግዛት የማይችልበት ዋጋ ላይ ደርሷል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በመኪና የሚሄድ ጎብኚ ባሕር ዳር ቁርሱን በልቶ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጎንደር ምሳው ላይ ይደርሳል። በመካከል ያሉት ቀበሌዎች ከእርሱ የሚያገኙት አቧራ ነው። በእግሩ የሚሄድ ጎብኚ ደግሞ በቀን 15 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ቀበሌ ይጠቅማል። ብስክሌተኛው በሁለቱ መካከል ነው። በጠጠር መንገድ ዕቃ ጭኖ በቀን 50 እና 60 ኪሎ ሜትር ከሄደ ደህና ሄዷል። በዚህ ርቀት ውስጥ የሚያልፈው ብዙ ቀበሌ ነው፤ በየመሀሉም መቆም ግድ ይሆንበታል። ፔዳል የሚረግጥ ሰው ይርበዋል፣ ይጠማዋል። ቡናም ቢሆን፣ የተቀቀለ እንቁላልና ድንችም ቢሆን፣ ቆሎና እርጎም ቢሆን ያገኘውን ይገዛል። ጎማው ሲተነፍስ ጎሚስታ ይፈልጋል። ሲመሽ ደግሞ የትም ይሁን የደረሰበት ያድራል። ይህ ሰው ለአንድ ትልቅ ሎጅ የማይመች፣ ለብዙ ትንንሽ ቤቶች የሚመች እንግዳ ነው።

የሩዋንዳው ልምድ ከእኛ ኑሮ ይበልጥ ይቀርባል። በኪቩ ሐይቅ ዳር ከሩባቩ እስከ ሩሲዚ 227 ኪሎ ሜትር የሚረዝም "የኮንጎ ናይል መስመር" የሚባል የእግርና የብስክሌት መንገድ አለ። በቡናና በሻይ ማሳዎች፣ በዓሣ አጥማጅ መንደሮች መካከል ያልፋል። ቡና የሚያጥቡ ጣቢያዎች ለተጓዡ ቡናቸውን ያስጎበኛሉ፣ ያስቀምሳሉ። ነገር ግን መንግሥት በሐይቁ ዳር ዋና አስፓልት ሲዘረጋ የመስመሩ ከፊል በአስፓልት ተዋጠ፤ ተጓዡም ወደ ጎን ወዳሉት የአፈር መንገዶች ዞረ። አስፓልቱ ለአካባቢው ሕዝብ ያስፈልግ ነበር፤ ማንም ሊከራከርበት አይችልም። ስህተቱ የብስክሌት መስመር መኪና ሊወርሰው በታቀደ መንገድ ላይ መመሥረቱ ነው።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። ኪያንቲ ውስጥ አንድ ነጭ መንገድ አስፓልት ባይለብስ ገበሬው በሌላ አስፓልት ይወጣል። የእኛ ቀበሌ ግን ያለችው መንገድ ብዙውን ጊዜ አንዲት ናት። ለጎብኚ ውበት ሲባል አርሶ አደሩ አስፓልት ይቆይለት ማለት ነውር ነው። ስለዚህ በእኛ ሁኔታ "ከመኪና ነጻ መንገድ" ሲባል የሕዝብ መንገድ ከመኪና ይነጠቅ ማለት ሊሆን አይችልም፤ መኪና ድሮም የማይሄድባቸውን መንገዶች ፈልጎ ማገናኘት ማለት ነው። እነዚህ ደግሞ ሞልተዋል፦ የጥንት የበቅሎ መንገዶች፣ የገበያ መንገዶች፣ ጋሪ የሚመላለስባቸው የመንደር መተላለፊያዎች፣ የመስኖ ቦይ ጥገና መንገዶች።

የመጨረሻው በተለይ ትኩረት ይሻል። ከባሕር ዳር በስተደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መራዊ አጠገብ ያለውን የቆጋ መስኖ እንውሰድ። 7 ሺህ ሄክታር ገደማ ለማልማት የተሠራው ይህ መስኖ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዋና ቦይና ከእርሱ የሚከፈሉ ብዙ ቦዮች አሉት። ከቦዩ ጎን ለጥገና ተብሎ የተሠራ መንገድ ሜዳ ነው፣ መኪና የሚያልፍበት ከስንት አንዴ ነው፣ ግራና ቀኙ ስንዴ፣ ሽንኩርት፣ ድንችና አቮካዶ ነው። ከዚያ አካባቢ ወደ ሰከላ ሽቅብ የወጣ ተጓዥ ጴድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 የደረሱበትን የግሽ ዓባይን ምንጭ ያገኛል። እዚያ ያለው ገበሬ ስለ ዓባይ ለእንግዳ የሚናገረው የራሱ ነገር አለው፤ በመጽሐፍ ያልተጻፈ።

በሌላው አቅጣጫ ዘጌ አለች። በዘጌ ልሳነ ምድር ሕዝቡ በቆየ ሃይማኖታዊ ልማድ መሬት አያርስም፤ ኑሮው በደን ውስጥ በበቀለ ቡናና በጌሾ ላይ ነው። ከጥንታዊ ገዳማቱ መካከል ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የማያውቅ ጎብኚ የለም። ሆኖም አብዛኛው በጀልባ መጥቶ፣ ከወደቡ እስከ ገዳሙ ተራምዶ፣ በዚያው ጀልባ ይመለሳል። በየብስ በብስክሌት የሚመጣ ሰው ግን በቡናው ባለቤት ደጅ ማለፉ አይቀርም። ወደ ሰሜን ሲኬድ የፎገራ የሩዝ ሜዳ፣ ከወረታ ደብረ ታቦር መንገድ ወጣ ብላ በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተችው የሸማኔዎቹ አውራ አምባ፣ ከዚያ አለፍ ሲል እንፍራዝ አጠገብ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጉዛራ ቤተ መንግሥት አሉ። የጣና ሐይቅ አካባቢም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ባሕር ዳር ደግሞ ሜዳ በመሆኗ ብስክሌት ከድሮ ጀምሮ የለመደች ከተማ ናት፤ መነሻ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ብስክሌት ለእኛ አዲስ ነገር ነው የሚል ካለም ቋንቋችን ይመሰክርበታል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ጎሚስታ ከኢጣሊያንኛ መጥተው የእኛ የሆኑ ቃላት ናቸው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ስትሰለፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ልካለች። ከ60 ዓመት በኋላም ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

አርሶ አደሩ እንግዳ ማሳደር አይችልም የሚለውም አያስኬድም። በሰሜን ወሎ መቄት ወረዳ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የማኅበረሰብ ቱሪዝም የገደል አፋፍ ላይ ያሉ መንደሮች በሣር ክዳን ጎጆ እንግዳ እንዲያሳድሩ፣ ዕቃውን በአህያ እንዲያጓጉዙ፣ ገቢውን በማኅበራቸው በኩል እንዲያስተዳድሩ አድርጓል። የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደርም እ.ኤ.አ. በ2022 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው የዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኗል። ልምዱ እዚሁ ክልል ውስጥ አለ ማለት ነው።

እንቅፋቶቹ ደግሞ በይደር የሚታለፉ አይደሉም። የመጀመሪያው ሰላም ነው። ካለፉት ዓመታት ግጭት ወዲህ ቱሪዝም በክልሉ ምን ያህል እንደተጎዳ ላሊበላና ጎንደር ያሉ አስጎብኚዎች በኑሯቸው ያውቁታል። በየመንደሩ ብቻውን በብስክሌት የሚሄድ ሰው ደግሞ ከሁሉም ጎብኚ ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። መንገዱ ከመንደር መንደር ያለ ሥጋት የሚያስኬድ እስኪሆን ድረስ ማንም ወረዳ የውጭ እንግዳ ሊጠራ አይገባውም፤ ቢጠራም አይመጣለትም። ይህ ማለት ግን እስከዚያ ተቀምጦ መጠበቅ ማለት አይደለም። ጊዜ የሚፈጀው ሥራ ከመንገዱና ከማኅበሩ በኩል ያለው ነው።

ሁለተኛው ጎርፍ ነው፤ ይህ የግብርና ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። የገጠር መንገድ ተዳፋትን አቋርጦ ሲሄድ ቀድሞ በሜዳው ተሰራጭቶ ይወርድ የነበረውን ውሃ ሰብስቦ በአንድ ቱቦ አፍ ያወጣዋል። ከቱቦው በታች ያለው ማሳ በሁለትና በሦስት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። የተማረረው ባለማሳ ቱቦውን በድንጋይ ይደፍነዋል፤ ውሃው መንገዱ ላይ ይወጣል፤ ጠጠሩን ጠራርጎ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ መኪናም ብስክሌትም አያልፍም። በትግራይና በአማራ ክልሎች የመንገድን ጎርፍ በየመሀሉ እየከፈሉ ወደ ማሳ፣ ወደ ኩሬና ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ የማስገባት ሥራ ተሞክሮ ጥቅሙ ታይቷል። ለብስክሌት የሚያስፈልገው መንገድ ውሃው በየአጭር ርቀቱ የሚወርድለት፣ ጎኑ ያልተቦረቦረ መንገድ ነው፤ ለባለማሳውም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ በሚጀመረው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ እርከን ሲሠራ የመንገዱ ጎን ለምን ከዕቅዱ ውጪ እንደሚሆን ለጸሐፊው ግልጽ አይደለም። የመንገድ ጽሕፈት ቤትና የግብርና ጽሕፈት ቤት የተለያየ ፎቅ ላይ መሆናቸው በቂ ምክንያት አይመስልም።

የመሬት ነገርም አለ። ለብስክሌት አንድ ሜትር ይበቃል። "የቱሪስት መንገድ" በሚል ስም ነባሩን መተላለፊያ ለማስፋት የሚደረግ ሙከራ ግን የሰው ማሳ መቁረጡ አይቀርም፤ ይህ ከሆነ ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት የካሳ ጉዳይ ይሆናል። ወረዳዎች አሁን ስለ ገጠር ኮሪደር ልማት ብዙ እየሰሙ ባሉበት ጊዜ ይህን ማንሳት አስፈላጊ ነው። የሚሻለው ያለውን ስፋት ሳይነኩ መጠገን፣ በየመገንጠያው የአቅጣጫ ምልክት መትከልና እዚያው ማቆም ነው። ለሎጅ የሚሆን "ቁልፍ ቦታ" ፍለጋ ከመንገዱ ቀድሞ ከተጀመረ ደግሞ የመንደሩ ሰው በገዛ አገሩ የጥበቃ ሠራተኛ ሆኖ ይቀራል። ኢጣሊያኖች በሕግ የዘጉትን በር እኛ በመመሪያ እንኳ ልንዘጋው ይገባል።

የጊዜውም ነገር ቀላል አይደለም። መረሬ አፈር ባለበት ቦታ ከሰኔ እስከ መስከረም ብስክሌት አይታሰብም፤ ጭቃው ጎማውን ከፍሬኑ ጋር አጣብቆ ያቆመዋል። መንገዱ ደርቆ፣ ሰማዩ ጠርቶ ጎብኚ የሚመጣው ከጥቅምት በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ጤፉ ይታጨዳል፣ እህሉ ይከመራል፣ ይወቃል። በመስኖ አካባቢ እስከ ሚያዝያ እረፍት የለም። ታዲያ እንግዳውን የሚያስተናግደው ማን ነው? መልሱ በየቤቱ ይታወቃል፦ እናትና ሴት ልጅ ናቸው። ውሃ የምትቀዳው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ለአጫጁ ምሳ የምታደርሰው ሴት በዚያ ላይ ለእንግዳ አልጋ ታነጥፋለች። ክፍያው በባልየው እጅ ወይም በማኅበሩ ሣጥን ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ሥራው በሁለተኛው ዓመት ይቆማል። በየቀኑ የሚደርሰው ቤት ተራ፣ የሚቀርበው ምግብና ዋጋው በሴቶቹ ቢወሰን ይሻላል።

ትንሽ የሚመስሉ ሁለት ጉዳዮችም ይጨመሩ። ውሻ ብስክሌት አይወድም፤ ባለቤቱ ቀን ቀን እንዲያስር ካልተስማማ የመንደሩ ስም በአንድ ንክሻ ይጠፋል። ልጆችም አሉ። ነጭ ሲያዩ "ሃይላንድ! ብር!" እያሉ መሮጥ የለመዱበት መንደር የብስክሌት መስመር ከሆነ ከትምህርት ቤት የሚቀሩ ልጆች ይበዛሉ። መምህራንና የቀበሌው ሽማግሌዎች ቀድመው ካልመከሩበት በኋላ አይመለስም።

ለመጀመር የውጭ አገር ሰው የግድ አያስፈልግም። ባሕር ዳር ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ብስክሌት የሚነዱ ተማሪዎች፣ መምህራንና የባንክ ሠራተኞች አሉ። በቆጋ ቦይ ዳር አንድ ቀን ውለው፣ ምሳቸውን ከአንድ አርሶ አደር ቤት ገዝተው የሚመለሱ ጥቂት ሰዎች መንገዱ የት እንደተበላ፣ ውሃ የት እንደሚገኝ፣ ዋጋው የት ላይ እንደሚወደድ ከማንኛውም ጥናት በፊት ያሳያሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው የቦዩን መንገድ የሚያስተዳድሩት የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትና ወረዳው ቁጭ ብለው በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቦይ ዳር ሰው ማለፍ እንደሚችል መነጋገር ነው። ውሃ በተራ የሚለቀቅበት ሰዓት ላይ እንግዳ ቦዩ ዳር ቆሞ ፎቶ ሲያነሳ ተራው የደረሰው አርሶ አደር ምን እንደሚል ማኅበሩ ከማንም በላይ ያውቃል።